ቢላ ለመሥራት የትኛው መሞረጃ ያዋጣል?

ለፋሲካ በሬ ታርዶ ቅርጫው ሲከፋፈል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አሥር ሰው አሥር ቢላ ይዞ ይመጣል። ከአሥሩ ግን ሥጋ የሚቆርጡት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ናቸው። የቀሩት ሥጋውን ያኝኩታል እንጂ አይቆርጡትም። በዚህ ጊዜ «እስቲ ያችን የእገሌን ቢላ አቀብሉኝ» ይባላል። ያች ቢላ ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ትውላለች።

እንዲህ ያለች ቢላ ብዙውን ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራች ናት። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሥር ተደራርቦ የሚታየው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ነው። ቀጥቅጦ የሠራትም የአገሩ ብረት ሠሪ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በምሥራቅ ጎጃም፣ በየጥኖራም ሆነ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅም ሆነ በሞጣ፣ የራሳቸው መሬት የሌላቸው ወጣቶች አሉ። «ለምን ቢላ ሠርተን አንሸጥም?» ብሎ የሚያስብ ወጣት አይጠፋም። ሐሳቡ መልካም ነው። ቢላ የማይፈልግ ቤት የለም። ባሌስትራውም ከአሮጌ መኪና ይገኛል። ችግሩ የሚመጣው በሬ ወይም በግ ሸጦ መሞረጃ መኪና ለመግዛት ሲነሡ ነው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ አይመለስም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማወቅ የሚገባውን እንነጋገር።

አጎትና የእህት ልጅ

ባለፈው በጋ አንድ የብረት ሥራ ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ወናፉ ይነፋል፤ ከሰሉ ይነዳል፤ መስፉ በግንድ ላይ ተተክሏል። ሠሪው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ደጅ ላይ ሸክላ ይሠራሉ። የእህታቸው ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ መጥቶ ከእርሳቸው ጋር ይሠራል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። በስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ ቢላውን በሚዞር ቀበቶ ላይ አስጠግቶ ይሞርዳል።

«አጎቴ፣ ይቺን መኪና ይዩአት። ቢላውን አስጠግቶ መያዝ ብቻ ነው። እኛ አንድ ቀን የሚፈጅብንን እሱ ባንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።»

ሽማግሌው ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት።

«ብልጭታው በዛ» አሉ። «ይኼ ሁሉ እሳት ከየት ይመጣል?»

«ከብረቱ ነዋ!»

«እንግዲያው ብረቱ እየነደደ ነው። ስለቱስ ምን ይሆናል? ያንን አሳየህ?»

ልጁ አልመለሰም። ስልኩ ያንን አላሳየውም ነበር። የሽማግሌው ጥያቄ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

ስለትን የሚገድለው ሙቀት ነው

ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ቤት የሚሠራበት ፌሮ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው። አግላችሁ ውሃ ውስጥ ብትነክሩትም የቢላ ያህል አይጠነክርም። ባሌስትራ ግን በውስጡ ካርቦን የሚባል ነገር አለው። ከመቶው እጅ ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢላን ቢላ የሚያደርገው ይኸው ነው። ባሌስትራ ማግኔት የማይስበው እስኪሆን ድረስ ቀልቶ ዘይት ውስጥ ሲነከር እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። እንደ ብርጭቆም ይሰበራል።

ስለዚህ ብረት ሠሪ ከነከረው በኋላ እንደገና በቀስታ ያሞቀዋል። በዚህ ጊዜ የብረቱ ፊት መልኩን ይለውጣል። መጀመሪያ እንደ ጤፍ ገለባ ቢጫ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ሙቀቱ ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ለቢላ ስለት የሚፈለገው ይህ መልክ ነው። ከዚያ ካለፈ ቡናማ ይሆናል። ቀጥሎ ወይን ጠጅ ይመስላል። 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነ ስለት ለስልሷል ማለት ነው። ሲሳል ይሳላል፤ ሁለት ሽንኩርት ሳይቆርጥ ይደንዛል።

እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ጥሩ ካራ በሞተር በሚዞር ድንጋይ ላይ ሞረድሁ። ቸኩዬ ነበር። ጫፉ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ሰማያዊ ነገር ታየኝ። እንዲያውም አማረብኝ! ካራው ከዚያ ወዲህ ጫፉ ስለት ይዞ አያውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። መኪናው ሲፈጥን ሙቀቱም ይፈጥናል። ፈጣን መኪና በጀማሪ እጅ ሲገባ ቢላ ከማበላሸት አይመለስም። ለዚህም ነው ዋናው ሙረዳ ብረቱ ከመጠንከሩ በፊት የሚሠራው። ያን ጊዜ ቢግልም ጉዳት የለውም፤ ገና ይጠነክራልና። ከጠነከረ በኋላ ግን የቀረችውን ጥቂት ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ እየነከሩ መሞረድ ነው። በባዶ እጅ ያዙት። ጣታችሁን ሲያቃጥላችሁ ወደ ውሃው መልሱት። ጣት ከ60 ዲግሪ በላይ አይችልም፤ ስለቱ ደግሞ እስከ 200 ይችላል። ስለዚህ ጣታችሁ ካልተቃጠለ ስለቱም አልተቃጠለም። ጫፉና ስለቱ ቀጭን ስለሆኑ ከጣታችሁ ርቀው ሊግሉ ይችላሉ፤ እነሱን በተለይ ጠብቁ።

ሞረድን አትናቁ

ሽማግሌው የሚሠሩት በሞረድ ነው። የልጁ ዓይን ሞረዱን አይወደውም። እኔ ግን ለጀማሪ ከሞረድ የሚሻል መሣሪያ አላውቅም።

ሞረድ ጠንካራ ብረት አይበላም። ስለዚህ ባሌስትራውን መጀመሪያ ማለስለስ ያስፈልጋል። እንዴት? ቀጥቅጣችሁ የቢላውን ቅርጽ ካወጣችሁ በኋላ እስኪቀላ አግሉት። ከዚያ በደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩት። አመዱ ብዙና ትኩስ ቢሆን ይመረጣል። እዚያው ይደር። ጧት ስታወጡት ሞረዱ ይነክሰዋል። በሞርሳ አጥብቃችሁ እሰሩትና ሞርዱ። ሞርሳ ማለት ብረት አጥብቆ የሚይዝ፣ በእጅ እየተሽከረከረ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። ሞርሳ ከሌለ በሁለት እንጨት መካከል አጣብቆ ማሰርም ይቻላል።

ሞረዱን ስትገፉት ጫን በሉት፤ ስትመልሱት ግን አንሡት። ወደ ኋላ የተጫኑት ሞረድ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። በሞረድ አንድ ቢላ ለመሥራት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እውነት ነው። ግን ቢላ አይቃጠልም፤ መብራትም አይጠይቅም። እጃችሁም የስለቱን ተዳፋት ይማራል። ያንን ያልተማረ እጅ መኪና ቢሰጡትም ጠማማ ቢላ ነው የሚያወጣው፤ ያውም በፍጥነት።

ሞረድ ሌላም ጥቅም አለው። ብረቱን አግላችሁ ከነከራችሁ በኋላ በሞረድ ጫፍ ሞክሩት። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። ከነከሰው አልጠነከረም፤ እንደገና ይሠራል። ያለቀበት ሞረድም አይጣልም። ብዙ ካርቦን ስላለው እሱ ራሱ ተቀጥቅጦ ቢላ ይሆናል።

ከሞረድ ቀጥሎ የሚመጣው በእጅ ወይም በእግር የሚዞር ድንጋይ ነው። የልብስ ሰፊዎችን መኪና አስቡ። ከሥሩ የሚረገጥ እግርና ትልቅ መዘውር አለው። መኪናው ተበላሽቶ እግሩ ብቻ የቀረ አይታችሁ ይሆናል። ያንን እግር ለሞረድ ድንጋይ ማዞሪያ ማድረግ ይቻላል። ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አያቃጥልም። ለስለት ማውጫና የደነዘ ማጭድና ምሳር ለመሳል በጣም ጥሩ ነው። አዲስ ቢላ ከጅምሩ ለመሞረድ ግን እግር ያደክማል።

ግራይንደርና አደጋው

በከተማ በያጆች እጅ የምታዩት፣ ብልጭታ የሚረጨው መሣሪያ ግራይንደር ይባላል። በእጅ የሚያዝ ነው። ከሌሎቹ መኪናዎች ርካሽ ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ይገዛዋል። ባሌስትራ ለመቁረጥና ትርፍ ብረት ለማንሣት ይጠቅማል። ለስለት ግን አይሆንም። ዲስኩ በአንድ ደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ቀጭኑን ስለት ዓይን እስኪጨፈን ያነድደዋል።

ከዚህ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በዲስኩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ፊደሉ የፈረንጅ ቢሆንም ቁጥሩ እናንተ የተማራችሁት ቁጥር ነው። አንብቡት። ትንሹ ግራይንደር የሚወስደው ዲስክ ወርዱ 115 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁ ዲስክ ደግሞ 230 ነው፤ በላዩም 6,600 ገደማ ተጽፎበታል። ይህ ማለት በደቂቃ ከ6,600 ዙር በላይ አታዙሩኝ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው መከላከያውን ቆርቆሮ አውልቆ ትልቁን ዲስክ በትንሹ ግራይንደር ላይ ያስራል። 6,600 የሚችለውን 11,000 አዞረው ማለት ነው። ዲስኩ ሲፈነዳ እንደ ጥይት ነው። ዓይን ያጠፋል፤ አንገት ይቆርጣል።

በዲስኩ መሐል ባለው የብረት ቀለበት ላይ ደግሞ ወርና ዓመት ይጻፋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ዲስኩን አትግዙ፤ ማጣበቂያው ደክሞ ሊሆን ይችላል።

በሞተር የሚዞረው የድንጋይ መሞረጃም ቢሆን መፈተሻ አለው። ድንጋዩን ከመግጠማችሁ በፊት በጣት ቀዳዳው አንጠልጥሉትና በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። እንስራ ስትገዙ በጣታችሁ እንደምታንኳኩት ማለት ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ተሰንጥቋል፤ አይገጠምም። የሽማግሌው ባለቤት ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ይኼንንማ እኛ ከእናታችን ማጀት ተምረነዋል» አሉ።

ባለቀበቶው መኪና

አሁን ልጁ ወደ ወደዳት መኪና እንምጣ። አሠራሯ ቀላል ነው። ሞተር አንድ መዘውር ያዞራል። በእሱና በሌሎች ትናንሽ መዘውሮች ላይ ረጅም ቀበቶ ተጠምጥሟል። የወፍጮ ቤቱን ቺንጋ አስቡ። የዚህኛው ቀበቶ ግን ውጩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ቢላውን ሲያስጠጉት ቀበቶው ብረቱን ይበላል።

መልካምነቷን መደበቅ አይገባም። ከድንጋይ ይልቅ ሙቀቷ ይቀንሳል፤ ረጅሙ ቀበቶ ሲዞር ይቀዘቅዛልና። ቢላውን ሜዳ አድርጋ ትሞርዳለች። ሻካራውን ቀበቶ አውጥቶ ልሙጡን ማግባት የደቂቃ ሥራ ነው። በቀበቶው ጀርባ ቁጥር አለ። 40 ወይም 60 ከሆነ ሻካራ ነው፤ ቅርጽ ማውጫ ነው። 120 መካከለኛ ነው። 220 እና 400 ማለስለሻ ናቸው። ቁጥሩ ሲበዛ ልሙጥነቱ ይጨምራል።

በመጠን የተለያዩ ናቸው። ትንሿ ቀበቶዋ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወርድና 76 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ለመሳል ታገለግላለች፤ ጫን ሲሏት ግን ትቆማለች። ሌላዋ ለአናጢ የተሠራች ናት። ቀበቶዋ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 91 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ለጀማሪ ትበቃለች እላለሁ። በውጭ አገር ቢላ ሠሪዎች የሚመርጡት 5 ሳንቲ ሜትር በ183 የሆነውን ነው። በስልክ የምታዩትም ብዙውን ጊዜ እሱን ነው። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል።

ዋጋ ስትጠይቁ ግን መጀመሪያ የቀበቶውን ጠይቁ። «የዚህን መኪና ቀበቶ አሥር አምጣልኝ» በሉት ሻጩን። አሥር ካላገኘ መኪናውን አትግዙ። ቀበቶ ያልቃል። አዲስ አበባ መርካቶ ካልሆነ በቀር የማይገኝ መጠን ከሆነ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላለ ሰው አንድ ቀበቶ በጠፋ ቁጥር ሥራው ቆመ ማለት ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

መኪናዋን በአገር ውስጥ ማሠራትም ይቻላል። እግሯን በያጅ ይበይደዋል። መዘውሮቹን ቶርኖ ያለው ባለሙያ ያወጣቸዋል። ስታሠሩ አንድ ነገር አትርሱ። ቢያንስ የአንዱ መዘውር መሐሉ ከዳርና ዳሩ በጥቂቱ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ለዓይን ብዙም አይታይም። መዘውሮቹ ሁሉ ሜዳ ከሆኑ ግን ቀበቶው እየተንሸራተተ ይወድቃል። ይህን የማያውቅ ሠሪ ገንዘባችሁን በልቶ የማይሠራ ነገር ይሰጣችኋል። ስለዚህ ቀበቶው ተገጥሞ ሲዞር ሳታዩ ክፍያውን አትጨርሱ።

የሞተሩን ቁጥር አንብቡ

በሞተሩ ጎን ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ አለች። ሻጩ ስለዚህች ሰሌዳ ምንም አይነግራችሁም። እናንተ ግን ቁጥር ማንበብ ተምራችኋል፤ አንብቧት።

መጀመሪያ የምትፈልጉት 220 የሚለውን ነው። የቤት መብራት ኃይሉ 220 ቮልት ነው። 110 ወይም 120 ብቻ ከተጻፈ ሞተሩ እንደ አሜሪካ ላለ አገር የተሠራ ነው። ዘመድ ከውጭ የላከው መሣሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል። 380 የሚል ካያችሁ ደግሞ፣ ብቻውንም ይሁን ከ220 ጎን፣ ሦስት መስመር የሚፈልግ ሞተር ነው። ወፍጮ ቤት እንጂ መኖሪያ ቤት ይህ መስመር የለውም። ከወፍጮ ቤት የወጣ አሮጌ ሞተር በርካሽ ሲሸጥላችሁ ይህን ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ የዙሩን ቁጥር ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ 1,400 ወይም 2,800 ገደማ ነው። በደቂቃ የሚዞረው ያን ያህል ነው ማለት ነው። እስቲ እናስላው። የመዘውሩ ወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 47 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 47 ሳንቲ ሜትር በ1,400 ሲባዛ 658 ሜትር ነው። ቀበቶው በአንድ ደቂቃ ይህን ያህል ይሄዳል። በ2,800 ከሆነ 1,316 ሜትር ይሄዳል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ለጀማሪ 1,400 የሚለውን ምረጡ። ሥራው ይዘገያል፤ ቢላውና ጣታችሁ ግን ይተርፋሉ።

የሞተሩ ጉልበት በኪሎ ዋት ወይም በፈረስ ጉልበት ይጻፋል። 0.75 ኪሎ ዋት 1 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ለትልቁ ቀበቶ ከዚህ ያነሰ አይበቃም። ለትንሿ የዚህ ሲሶ ይበቃታል።

መብራት የሌለበት መንደርስ? ለአምፖልና ለስልክ የተገዛ ትንሽ ሶላር ይህን ሞተር አያነሣውም። ጄኔሬተር ከሆነ ጉልበቱ የሞተሩን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ መሆን አለበት፤ ሞተር ሲነሣ ብዙ ኃይል ይስባልና። የነዳጁን ወጪም ቁጠሩ። መብራት ባለበትም ቢሆን በቀጭን ሽቦ ከሩቅ ቤት አትሳቡ። ኃይሉ ይደክማል፤ ሞተሩ ይግላል። ቢላ መንከሪያው ውሃ በአጠገቡ ስላለ፣ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ባለሙያ ይግጠምላችሁ።

እስቲ እንቁጠረው

ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። የሚከተለው ቁጥር ለመማሪያ ያህል ነው፤ በእሱ ቦታ የራሳችሁን ገበያ ዋጋ አስገቡ።

መኪናዋ 30,000 ብር ናት እንበል። አንዱ ቢላ 350 ብር ይሸጣል። ለብረት 100፣ ለእጀታ 30፣ ለከሰል 40፣ ለቀበቶ 50፣ ለመብራት 5 ብር ወጣ። ድምሩ 225 ነው። ትርፉ 125 ብር ነው። 30,000 ለ125 ሲካፈል 240 ይሆናል። ስለዚህ የመኪናዋን ዋጋ ለመመለስ ብቻ 240 ቢላ መሸጥ አለበት። በሳምንት 5 ቢላ ቢሠራና ቢሸጥ 48 ሳምንት ይፈጃል።

በሞረድ ሲሆንስ? ሞረዶችና ሞርሳ በ5,000 ብር ተገዙ እንበል። በቀበቶና በመብራት ቦታ ለሞረድ ማለቂያ 20 ብር ብንይዝ ወጪው 190 ነው። ትርፉ 160 ብር ይሆናል። 32 ቢላ ሲሸጥ ዋጋው ተመለሰ። በሳምንት 2 ብቻ ቢሠራ 16 ሳምንት ነው።

ታዲያ 240 ቢላ የሚገዛ ሰው አለ ወይ? ቢላ ሁልጊዜ አይሸጥም። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ ገበያው ይሞቃል። በዐቢይ ጾም መካከል ግን ማን ቢላ ይገዛል? መኪና የሚያስፈልገው በሞረድ የተሠራው ቢላ ገበያ ላይ አልቆ፣ ሰው «ሌላ የለህም?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ሦስት አራት ሆኖ በዕቁብ መግዛትም አንድ መንገድ ነው። በየጥኖራ በደርግ ዘመን የታወቀ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ፈርሷል። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች «የጋራ ዕቃ» ሲባል ግንባራቸውን ቋጠር ቢያደርጉ አይገርመኝም። ዕቁብ ግን ሌላ ነው። ሰው በፈቃዱ ይገባል። ማን በየትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ ቀበቶ ሲያልቅ ማን እንደሚገዛ በወረቀት ጻፉት። ተፈራርማችሁ አስቀምጡት።

ስለ ዓይንና ስለ ሳንባ

መነጽር ሳያደርጉ በየትኛውም መኪና አለመሞረድ ነው። ጋቢና ኩታ ይውለቅ፤ እጅጌ ይጠቅለል። ጓንት በሚዞር ቀበቶ አጠገብ አይደረግም፤ ከያዘው እጅ ይዞ ይሄዳል። ብልጭታው ወደ ጭድ ክምር ወይም ወደ ሣር ክዳን እንዳይሄድ አዙሩት።

አቧራውም ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ የምትባል በቢላ ሥራ የታወቀች ከተማ አለች። በ19ኛው መቶ ዓመት እዚያ በደረቅ የአሸዋ ድንጋይ የሚሞርዱ ሠራተኞች የድንጋዩ አቧራ ሳንባቸውን እየበላ በጎልማሳነታቸው ይሞቱ ነበር። የዛሬው ቀበቶ እንደዚያ ድንጋይ ባይሆንም የብረቱና የቀበቶው ብናኝ ወደ ሳንባ ይገባል። ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ወደ ጀርባችሁ ሳይሆን ወደ ጎናችሁ አድርጋችሁ ሥሩ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የለመድነውን ማስክ አሁንም አድርጉ። ልጆች አጠገብ አይቁሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብረት ሠሪን «ቡዳ ነው» ብሎ የሚሸሽ ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ማረሻውን ከብረት ሠሪ ተቀብሎ፣ ማጭዱን አስሎ፣ ማዕድ ላይ ሲሆን የሚርቅ ሰው ምን ይባላል? የእህት ልጁ ግን በዚህ የሚጨነቅ አይመስልም። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ወናፍ አጠገብ የተቀመጠው ወዶ ነው።

ወደ እነሱ ልመለስ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ሄድሁ። ልጁ ሁለት አዲስ ሞረዶችና አንድ አሮጌ ሞርሳ ገዝቶ ሰባተኛ ቢላውን እየሠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠማማ ናቸው፤ ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸዋል። ቢቸና ወርዶ አንድ አሮጌ ሞተርም አይቷል። ሻጩ ዋጋውን ቀንሶለታል። ልጁ የሰሌዳዋን ቁጥር በደብተር ገልብጦ አምጥቶ ለአጎቱ አሳያቸው።

«220 ይላል አጎቴ! የቤት መብራት ነው። ዙሩም 1,400 ነው።»

ሽማግሌው ደብተሩን ተቀበሉ። እርሳቸው ማንበብ የተማሩት በስተእርጅና ነው። በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንድ በአንድ እየጠሩ አነበቡ።

«ሁለት መቶ ሃያ» አሉ። ጣታቸው ግን አልቆመም። «ከሰረዙ ወዲያ ደግሞ አለ። ሦስት መቶ ሰማንያ። ይኼ የወፍጮ ቤት ነው ልጄ። እንዳትከፍለው።»

ልጁ ደብተሩን አየ። ራሱን አከከና ወደ ሞረዱ ተመለሰ።